ትንሹ ውሻ የት ይቀመጥ? ከዱባይ እስከ አጅማን ባለው መንገድ

በዱባይ ሜትሮ፣ ትራምና አውቶቡስ ውሻ ይዞ መሳፈር አይቻልም። የሚፈቀደው ዓይነ ስውርን የሚመራ ውሻ ብቻ ነው፤ ሌላ ይዞ የተገኘ ተሳፋሪ 100 ድርሃም ይቀጣል። ስለዚህ ለክትባትም ሆነ ለጠጉር ቆረጣ፣ ለሐኪም ቀጠሮም ሆነ ለዓርብ ሽርሽር ውሻው የሚጓዘው በቤት መኪና ወይም የቤት እንስሳ ለማመላለስ በተቋቋሙ ታክሲዎች ነው። የለመዱት ሐኪም ዱባይ የሆነባቸው የአጅማንና የሻርጃ ቤተሰቦች ይህን መንገድ በትራፊክ መጨናነቅ ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀመጡበታል።

በእነዚህ መኪኖች ውስጥ ውሻውን ያቀፈው ሰው ብዙ ጊዜ የእኛ ሰው ነው። ሾፌሩ መሪ ይዟል፤ ማዳም ከፊት ተቀምጣለች፤ ልጁ በልጆች መቀመጫ ታስሯል፤ ከኋላ ያለችው የቤት ሠራተኛ ኢትዮጵያዊት እህታችን ሦስት ወይም አራት ኪሎ የምትመዝን ፖሜራኒያን ወይም ማልቲዝ ጭኗ ላይ ይዛለች። አንዳንድ ሾፌሮችም የአገራችን ሰዎች ናቸው። ስለ ትንሽ ውሻ የመኪና ጉዞ እስካሁን ምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ የባለ ሀብቶች ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ መልሱን በእጃቸው የሚሠሩበት ሠራተኞቹ ናቸውና ለእነሱ ብዬ ነው የምጽፈው።

አገር ቤት ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፣ መኪና ሲገባ ይጮኻል እንጂ አይሳፈርም። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የሚወዱት ሉሉ የተባለው ትንሽ ቺዋዋ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ልዩ ነገር ስለነበረ ነው። ከወሎ ወይም ከጅማ የመጣች ልጅ እቅፏ ውስጥ የሚገባ ውሻ ተሰጥቷት መኪና ውስጥ ስትቀመጥ ማንም ምንም አላስተማራትም። እንደ ሕፃን ታቅፈዋለች፤ ደግ ልብ ያለው ሰው ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? ነገር ግን መረጃው የሚለው ጭን ለትንሽ ውሻ በመኪናው ውስጥ ካሉት ክፉ ቦታዎች አንዱ መሆኑን ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከሌላ ጋር ሲጋጭ ያልታሰረው ነገር ሁሉ በዚያው ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል። ያ ፍጥነት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ፣ ተወርውሮ መሬት ላይ ከማረፍ ጋር እኩል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍታው 39 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው። አራት ኪሎ የሚመዝነው ውሻ በግጭቱ ቅጽበት ያቀፈው ክንድ ላይ ከ60 እስከ 100 ኪሎ እንደሚመዝን ሸክም ይሆናል። ይህን የሚይዝ ክንድ የለም፤ የጉልበተኛ ወንድም አይችለውም። ውሻው ወይ ክሩስኮቶ ላይ ወይ የፊት ወንበር ጀርባ ላይ ያርፋል። ያቀፈችው ልጅ የደህንነት ቀበቶ ካላሰረች ደግሞ የእሷ ክብደት በሙሉ ከኋላ መጥቶ ውሻውን ይጨፈልቀዋል። አንዳንዶች ቀበቶውን በራሳቸውም በውሻውም ላይ ያሳልፉታል፤ ይህም ውሻውን በቀበቶውና በሰውነቷ መካከል ያጣብቀዋል።

ከፊት ወንበር ላይ ሲሆን ኤርባግ ይጨመራል። ኤርባግ ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ተነፍቶ ያበቃል፤ የተሠራውም ቀበቶ አስሮ ወደ ኋላ ተደግፎ ለተቀመጠ ትልቅ ሰው ነው። በሾፌሩ ጭን ላይ ተቀምጦ መሪው ላይ እጁን የሚያሳርፍ ውሻ፣ ብዙ ሰው በስልክ ፎቶ የሚያነሳው ትዕይንት፣ በአነስተኛ ግጭት እንኳ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለውን ፎቶ ባየሁ ቁጥር እሰጋለሁ።

ሕጉ ምን ይላል? የአሜሪካዋ ሃዋይ ሹፌር ውሻ ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንዳይነዳ በግልጽ ትከለክላለች። የእንግሊዝ የመንገድ ሕግ መመሪያ በ57ኛው አንቀጹ ውሻ ሾፌሩን እንዳያዘናጋና ሰው እንዳይጎዳ በተገቢው መንገድ እንዲያዝ ያዛል። ጀርመን ውሻን እንደ ጭነት ትቆጥራለች፤ ጭነት ደግሞ መታሰር አለበት። በኤምሬትስ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የትራፊክ ደንብ ከኋላ የተቀመጠውም ሰው ጭምር ቀበቶ እንዲያስር ያስገድዳል፤ ቅጣቱ 400 ድርሃምና 4 ጥቁር ነጥብ ነው። እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ ልዩ መቀመጫ ግዴታ ነው። የቀበቶው ደንብ የሚናገረው ስለ ሰው ነው። ይሁን እንጂ በስልክ ወይም በሌላ ነገር ተዘናግቶ የነዳ 800 ድርሃምና 4 ጥቁር ነጥብ ይጣልበታል፤ መሪው ሥር የሚሯሯጥ ውሻ ከዚህ የተሻለ መዘናጊያ አይደለም።

ሁለት ሌሎች ሕጎች ደግሞ ውሻው ከመኪናው ሲወርድ ይመለከቱታል። እ.ኤ.አ. የ2016 የፌዴራል ሕግ ቁጥር 22 ውሻ በአደባባይ ያለ ማሰሪያ እንዳይወጣ፣ ፈቃድና ክትባት እንዲኖረው ያዛል፤ ቅጣቱም ከ10,000 እስከ 100,000 ድርሃም ነው። የ2007ቱ የእንስሳት ደህንነት ሕግ ቁጥር 16፣ በ2016 በተሻሻለው መልኩ፣ እንስሳን ላሠቃየ እስከ አንድ ዓመት እሥርና እስከ 200,000 ድርሃም ያደርሳል። ስለዚህ በር ከመከፈቱ በፊት ማሰሪያው መንጠልጠል አለበት። ትንሽ ውሻ በር ስንጥቅ ሲያገኝ ይሾልካል፤ በሼክ ዛይድ መንገድ ዳር ወይም በአል ናህዳ የመኪና ማቆሚያ ከሾለከ ማግኘቱ በዕድል ነው። ሠራተኛዋም በሩጫ መንገድ ስታቋርጥ በራሷ ሕይወት ትጫወታለች።

መሣሪያዎቹን በሚመለከት ከሁሉ የበለጠ የሠራው ሴንተር ፎር ፔት ሴፍቲ የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። መሥራቿ ሊንዚ ዎልኮ እ.ኤ.አ. በ2004 ፍሬን ስትረግጥ የውሻዋ ማሰሪያ ውሻዋን ሳያድን ቀርቶ ክፉኛ ስለጎዳት ነው ጉዳዩን የያዘችው። ድርጅቱ በ2013 ከመኪና አምራቹ ሱባሩ ጋር ሆኖ በገበያ ላይ ያሉ የደረት ማሰሪያዎችን ለልጆች መቀመጫ በሚደረገው ዓይነት የግጭት ሙከራ አሳልፏቸዋል። በሙከራዎቹ ሁሉ የውሻውን አሻንጉሊት መቀመጫው ላይ ያቆየው አንድ ብቻ ነበር፤ ስሊፒፖድ የተባለው አምራች የሠራው። የቀሩት ወይ ተበጠሱ ወይ አሻንጉሊቱን ወደ ፊት አስፈነጠሩት። ከዚህ የምማረው ነገር በሱቅ መደርደሪያ ላይ «ለመኪና» ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ በእርግጥ ለመኪና የተሠራ አለመሆኑን ነው። የውሻ ማሰሪያ የመንግሥት የደረጃ መለኪያ የለውም፤ «በግጭት የተፈተሸ» የሚለውን ቃል ማንም አምራች ሊጽፈው ይችላል። ማን እንደፈተሸው፣ በስንት ፍጥነትና በስንት ኪሎ እንደፈተሸው ካልተጻፈ ቃሉ ብዙ አይናገርም።

ለትንሽ ውሻ ግን ከማሰሪያ ይልቅ መያዣ ሳጥን ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከስድስት ኪሎ በታች የሆነ ውሻ አጥንቱ ቀጭን ነው፤ የመተንፈሻ ቧንቧውም በቀላሉ ይጫናል። ለዚህ ነው ማሰሪያ በአንገት ላይ ጨርሶ መንጠልጠል የሌለበት። ዮርክሻየር፣ ፖሜራኒያንና ቺዋዋ በተፈጥሮ የመተንፈሻ ቧንቧቸው የመድከም ችግር ያለባቸው ዘሮች ናቸው፤ በአንገት ታስሮ ፍሬን ሲረገጥ የሚደርስበትን ማሰብ ቀላል ነው። ማሰሪያ ቢመረጥ የደረት ይሁን፣ ሰፊ ይሁን፣ ከቀበቶው መያዣ ጋር በአጭር ይያያዝ። ከወንበር ወንበር ተዘርግቶ ውሻው ወዲህ ወዲያ እንዲሄድ የሚፈቅደው ገመድ በግጭት ጊዜ ውሻውን የሚያስፈነጥር ረጅም ገመድ ነው። ከወንበር ጀርባ የሚንጠለጠለው «ትንሽ ወንበር»ም እንዲሁ፤ ውሻው መስኮት እንዲያይ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያስረውም።

መያዣው ሳጥን የት ይቀመጥ? እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሳጥኑን ወንበር ላይ አድርጎ የሰው ቀበቶ ማሳለፍ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ለዚያ ካልተፈተሸ ሳጥን ላይ ያለፈ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ሳጥኑን ራሱን ሊጨፈልቀው ይችላል። ሴንተር ፎር ፔት ሴፍቲ የሚመክረው ቀላሉ ቦታ ከፊት ወንበር ጀርባ፣ በኋላ ተሳፋሪ እግር ሥር ያለው ወለል ነው። ሳጥኑ እዚያ ሲሸጎጥ ወደ ፊትም ወደ ጎንም የሚሄድበት ቦታ የለውም። የፊት ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ ሳጥኑን መያዝ አለበት፤ ውሻው ውስጡ ተነስቶ መዞርና መተኛት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሰፊ ሳጥን ውሻውን ውስጡ ያንገላታዋል። በእነዚህ ከተሞች የሚነዱት ብዙዎቹ እንደ ፓትሮልና ላንድ ክሩዘር ያሉ ትላልቅ መኪኖች ስለሆኑ ወለሉ ይበቃል። ከኋላ የዕቃ መጫኛ ላይ ማድረግ ግን ለትንሽ ውሻ አይመቸኝም፤ ከኋላ ለሚመጣ ግጭት የመጀመሪያው ተቀባይ ነው፣ የኤሲ ነፋስም አይደርሰውም።

መንገዱም ድርሻ አለው። ኢ311 በሚባለው የሼክ ሞሐመድ ቢን ዛይድ መንገድና በኤምሬትስ መንገድ ላይ ከባድ መኪናና ፈጣን መኪና ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። ከሻርጃ ወደ ዱባይ በሚያስገባው የአል ኢቲሐድ መንገድ ክፍል እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የፍጥነት ገደቡ ከ100 ወደ 80 ወርዷል። በአጅማንና በሻርጃ የመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር ጉብታ ነው፤ ፍሬን በድንገት የሚረገጥበት፣ ያልታሰረው ውሻም ከወንበር ወደ ወለል የሚወድቅበት። ብዙ ጉዳት ያለ ግጭት እንዲህ ይደርሳል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። በኤምሬትስ ይህ ጉዳይ ከግጭቱ የማይተናነስ፣ ለእኔም ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2025 በአል ዐይን አካባቢ በምትገኘው ስዌይሃን 51.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። የባሕሩ ዳር ከተሞች ከዚያ ጥቂት ዝቅ ይላሉ፤ ግን በእነሱ እርጥበቱ ከባድ ነው። መንግሥት ራሱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 በኛ አቆጣጠር በውጭ ፀሐይ መሥራትን ይከለክላል። ለጉልበት ሠራተኛ የማይሆን ሰዓት ለሦስት ኪሎ ውሻም አይሆንም፤ ቀጠሮውን ወደ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ማዛወር ከሁሉ ጥንቃቄ ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የታተመ ጥናት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለውን ሙቀት ለካ። ውጭው ከ22 እስከ 36 ዲግሪ በሆነባቸው ቀናት የመኪናው ውስጥ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ገደማ ጨመረ፤ ከጭማሪው 80 በመቶው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነበር። መስኮት በትንሹ መክፈት ምንም ያህል አልረዳም። ያ ጥናት የተደረገው እንደ ዱባይ ኦገስት ባልሆነ አየር ነው። እዚህ መነሻው ራሱ 42 ሲሆን «ቶሎ እመለሳለሁ» ብሎ ሱቅ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ራሳችሁ አስቡት። ሞተር አስነስቶ ኤሲ ከፍቶ መተውም መፍትሔ አይደለም። ሞተሩ ሊጠፋ፣ ውሻው የመስኮት ቁልፍ ሊረግጥ፣ መኪናውም ሊሰረቅ ይችላል።

ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም። ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው፤ እርጥበት ሲበዛ ይህም ይሰንፋል። ለዚህ ነው የኦገስትና የሴፕቴምበር ሌሊት በአጅማን ኮርኒሽ ዳር፣ ፀሐይ ሳይኖር፣ ውሻ ሲደክም የምናየው። አፍንጫቸው ደፍጣጣ የሆኑት ዘሮች፣ ፓግ፣ ፍሬንች ቡልዶግ፣ ሺ ዙ፣ ፔኪኒዝ፣ ይህች የማለክለክ መንገድ ራሷ የጠበበባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የታተመ ሰፊ የእንስሳት ሕክምና መዝገብ ጥናት ፍሬንች ቡልዶግ ከላብራዶር በስድስት እጥፍ፣ ፓግ በሦስት እጥፍ በሙቀት የመታመም ዕድል እንዳላቸው አሳይቷል። ከእንግሊዙ መዝገብ ሌላም ነገር ታይቷል፤ በእንግሊዝ አብዛኛው በሽታ የመጣው ከመኪና ውስጥ ሳይሆን ከመሮጥና ከመጫወት በኋላ ነበር። ስለዚህ ውሻው ሮጦ ሲያለከልክ አንስቶ በፀሐይ የጋለ መኪና ውስጥ መጨመር ሁለቱን አደጋ አንድ ላይ ማምጣት ነው።

በተግባር እንዲህ ይሆናል። ሾፌሩ ከመነሳቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት መኪናውን አስነስቶ ያቀዝቅዘው። ሳጥኑ ቀድሞ ይግባ፤ የጋለ ፕላስቲክ ላይ ውሻ አይቀመጥም። ከፊት ወንበር ጀርባ ወለል ላይ የተቀመጠ ሳጥን የኤሲ ነፋስ ላይደርሰው ስለሚችል እጅ እዚያ አስገብቶ መሞከር ያስፈልጋል፤ የኋላ ነፋስ መውጫ ካለ ወደ ታች ይዙር። ሳጥኑን በፎጣ አይሸፍኑት። ወደ መኪናው ሲሄዱ የእጅ ጀርባን አስፋልቱ ላይ ሰባት ሴኮንድ ማስቀመጥ ካቃተ የውሻው መዳፍም አይችለውም፤ ያን ጊዜ እቀፉት። ውኃና ሳህን ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ይኑር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2024 በ75 ዓመት ያልታየ ዝናብ ሲዘንብ በዱባይና በሻርጃ መንገዶች ላይ ሰው በመኪናው ውስጥ ለረጅም ሰዓት ታግዶ ነበር፤ ያን ቀን ሳጥን የነበረው ሰው ውሻውን አንስቶ በውኃ ውስጥ መራመድ ይችል ነበር።

ሙቀት ከመታው ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የማያቆም ማለክለክ፣ የሚዝረበረብ ምራቅ፣ በጣም የቀላ ድድ፣ ማስመለስ፣ መንገዳገድ። ሐኪሞች አሁን የሚሉት ቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው። ጤነኛና ወጣት ውሻ ከሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አፍሱበት፤ ከዚያ ነፋስ ይምታው፣ ኤሲ ከፍታችሁ ሂዱ። እርጥብ ፎጣ ላዩ ላይ ተጥሎ ሲቆይ ሙቀቱን ይዞ ስለሚያስቀር አይጠቅምም። ውኃ በጉሮሮው በግድ አታፍሱ።

የጉዞ ማስመለስ ከዚህ የቀለለ ነው። ከመነሳት ሁለትና ሦስት ሰዓት በፊት ምግብ አለመስጠት ብዙ ይረዳል፤ ግን ገና ትንሽ የሆነ ቡችላ ረጅም ጊዜ ከተራበ የደሙ ስኳር ይወርድበታልና ሐኪሙን ሳይጠይቁ አያስጹሙት። መድኃኒትም ሐኪም ሳያዝ አይሰጥ፤ የሰው የጉዞ ክኒን ለአራት ኪሎ እንስሳ ልክ የለውም።

ግጭት ሲደርስ የተጎዳ ውሻ የሚያውቃትንም ሰው ሊነክስ ይችላል። አገር ቤት የእብድ ውሻ በሽታ ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ነንና ይህን አናቃልለውም። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ፣ የውሻውን የክትባት ደብተር ማሳየት። በዱባይ የተመዘገበ ውሻ ቆዳው ሥር ቺፕ፣ አንገቱ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ መለያ አለው፤ የተከተበበትም ቀን ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 መሠረት የሠራተኛዋ የሕክምና ወጪ በአሠሪው ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ የተነከሱበትን እጅ በፋሻ ጠቅልለው ዝም የሚሉ እህቶች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ የሚቀረው ዋናው ነገር ማን ይወስናል የሚለው ነው። ሳጥኑን የምትሸከመው፣ ውሻውን የምታረጋጋው፣ ውሻው ቢጎዳ የምትወቀሰው ሠራተኛዋ ናት፤ ሳጥኑን የመግዛትና ጉዞውን ወደ ማታ የማዛወር ሥልጣን ግን በእጇ አይደለም። ይህ ትክክል አይደለም። አሠሪ ውሻን በእሷ እጅ ሲያኖር ሳጥኑንም፣ ማሰሪያውንም፣ የሐኪሙንም ስልክ አብሮ መስጠት አለበት። እሷም መጠየቅ ነውር አይደለም። «ማዳም፣ ውሻው ጭኔ ላይ ከሆነ ግጭት ቢመጣ ልይዘው አልችልም፣ ሳጥን ይገዛለት» ማለት ለውሻውም ለራሷም መቆርቆር ነው፤ ብዙ ማዳም ውሻዋን ስለምትወድ ይህን ትሰማለች። ሾፌርም የመሪው ኃላፊ እንደመሆኑ ውሻ ፊት ለፊት እንዳይቀመጥ የመናገር መብት አለው፤ ጥቁር ነጥቡ የሚያርፈው በእሱ መንጃ ፈቃድ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ሌሊትም የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ቤት አንድ በዱባይ፣ አንድ ደግሞ በሻርጃ ወይም በአጅማን በኩል በስልኳ ይመዝገብላት። የዱባዩ ከሆነ በሕንፃው በር ላይ የተለጠፈው ማካኒ የሚባለው 10 አሐዝ ያለው የአድራሻ ቁጥርም አብሮ ይጻፍ። ሾፌሩ በማያውቀው ሰፈር ውስጥ አረብኛም እንግሊዝኛም ሳያስፈልገው ያን ቁጥር አስገብቶ በሩ ድረስ ይደርሳል።